ፋንክሽኑን የሚመርጠው ማን ነው? «ሶፍትዌሩ ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦቼ መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ልከውልኛል፤ ሁለቱ ተስማምተውበት፣ አንዷ ግን «ይህ ነገር ሳይመለስ ይታለፋል?» ብላ። የጽሑፉ ጭብጥ ባጭሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የሚሠራ የዛሬ መሐንዲስ የሒሳብ ፋንክሽኖችን (አንድ መጠን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚናገሩ ቀመሮችን) ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ አያስፈልገውም። የተለካ መረጃ ካለ የሚስማማውን ኩርባ ሶፍትዌሩ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ኩርባው ካልገጠመ የፖሊኖሚያሉን ዲግሪ (በቀመሩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ፓወር) ከፍ ማድረግ ነው፤ ሲሙሌሽኑ ካስቸገረ የጊዜ እርምጃውን ወይም ሜሹን (አካሉ ለስሌት የሚከፋፈልበትን የትንንሽ ቁራጮች መረብ) ማሳነስ ነው፤ ኮምፒውተር እስከ 16 አሃዝ ስለሚያሰላ የቁጥር ስሕተት አያሳስብም፤ በወረቀት የሚሠሩ የእጅ ቀመሮችም ጊዜ አልፎባቸዋል። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የሚደርስበት ምክር፣ በሥልጠና ላይ ለፋንክሽን የሚውለው ሰዓት ተቀንሶ ለሶፍትዌር ልምምድ ይዋል የሚል ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ አጻጻፋቸው ግን ሥራ ላይ የዋሉ ሰው መሆናቸውን ይናገራል። አንዳንዱ ነገራቸውም ልክ ነው። ረጃጅም የኢንተግራል ሠንጠረዥ በቃል መያዝ፣ ሃያ መስመር የሚፈጅ ማባዛትና ማካፈል በእጅ መሥራት፣ ግራፍን ነጥብ በነጥብ በእርሳስ መሣል ለዛሬ መሐንዲስ ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚህ አልከራከራቸውም። የምከራከረው ከዚያ ተነሥተው በዘለሉት ዝላይ ላይ ነው። ፋንክሽን መምረጥ ማለት አንድ ነገር ምን እንደሚሆን ቃል መስጠት ነው፤ ይቆማል ወይስ አይቆምም፣ ጣሪያ አለው ወይስ የለውም፣ እየተወዛወዘ ይኖራል ወይስ ይበርዳል። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ቃል ያሰላል፤ ቃሉን ግን የሚሰጠው መሐንዲሱ ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ልያዝ።

መረጃው ካለ ኩርባው ይገኛል ስለሚለው

ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የያዘ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ታንከር እናስብ። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሲከፈት የውኃው ከፍታ በሴኮንድ በ1 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት መውረድ ይጀምራል። ለ20 ሴኮንድ ለካን፤ መነሻው 100 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ በ10ኛው ሴኮንድ 90 ገደማ ሆነ፣ በ20ኛው 81 ላይ ደረሰ። ጥያቄው «ታንከሩ መቼ ባዶ ይሆናል?» የሚል ነው።

ይህን መረጃ ለሶፍትዌሩ ሰጥተን ኤክስፖኔንሻል ኩርባ (በእኩል ጊዜ ውስጥ ሁልጊዜ በእኩል መቶኛ የሚቀንስ) እንዲያገጣጥም ብናዘው፣ በመነሻውና በ20ኛው ሴኮንድ ነጥብ ላይ በትክክል የሚያልፍ ኩርባ ያመጣልናል። ሁለተኛው አማራጭ ፓራቦላ ነው፤ ጊዜውን ለ200 አካፍሎ ከ1 ቀንሶ ውጤቱን በራሱ ማባዛት፤ የሚወጣው ከፍታው በሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ሴኮንዶች ውስጥ በሁለቱ ኩርባዎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፊቱ በሚናወጥ ውኃ ላይ በማስመሪያ የሚለካ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም። ሶፍትዌሩ የሚያትመው የመግጠም መለኪያም ለሁለቱም ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም «በጣም ጥሩ» ይባላሉ።

አሁን ወደፊት እንሂድ። በ100ኛው ሴኮንድ ኤክስፖኔንሻሉ 35 ሴንቲ ሜትር ውኃ አለ ይላል፤ ፓራቦላው 25። በ200ኛው ሴኮንድ ኤክስፖኔንሻሉ አሁንም 12 ሴንቲ ሜትር ይቀራል ይላል፤ ፓራቦላው ታንከሩ ባዶ ነው ይላል። የኤክስፖኔንሻል ጠባዩ ይኸው ነው፤ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ዜሮ አይገባም፤ በእርሱ ቃል ታንከሩ ለዘላለም አይደርቅም። ፓራቦላውም ቢሆን ብቻውን ከተለቀቀ ጉድ ያመጣል። ከ200ኛው ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በ300ኛው ሴኮንድ ባዶው ታንከር 25 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይዟል ይለናል። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያትም ምንም አይሰማውም።

እውነቱን የሚለየው መረጃው አይደለም፤ ውኃው በምን በኩል እንደሚወጣ ማወቅ ነው። በቀዳዳ በኩል የሚወጣ ውኃ ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል፤ ይህን ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደርሶበታል። ከዚያ ሕግ የሚወጣው ፓራቦላው ነው፣ እርሱም እስከ 200ኛው ሴኮንድ ብቻ። ነገር ግን ቀዳዳው ቀርቶ ውኃው ረጅምና ቀጭን በሆነ ቱቦ ውስጥ በዝግታ፣ ሳይናወጥ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ፍሰቱ ከከፍታው ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ ያኔ ልክ የሚሆነው ኤክስፖኔንሻሉ ነው። ያው ታንከር፣ ያው የ20 ሴኮንድ መረጃ፣ ሁለት የተለያየ ዕጣ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማውጫውን ማየትና ያየውን ወደ ፋንክሽን መመለስ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ቁልፍ በየትኛውም ሶፍትዌር ላይ አላየሁም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ኒውራል ኔትወርክን (ከመረጃ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል) ይጠቅሳሉ፤ ማንኛውንም ፋንክሽን መማር እንደሚችል በሒሳብ ተረጋግጧል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታወቀው ቲዎረም አለ፤ ግን የሚናገረው በተወሰነ ክልል ውስጥ ስላለ ያልተቆራረጠ ፋንክሽን ነው። ከክልሉ ውጭ ስላለው አንድም ቃል አይናገርም። በ20 ሴኮንድ መረጃ የሠለጠነ ኔትወርክ ስለ 200ኛው ሴኮንድ የሚለው ነገር በኔትወርኩ ውስጥ በተመረጡት ፋንክሽኖች የሚወሰን ነው፤ ያንንም የመረጠው ሰው ነው። በተለካው ክልል ውስጥ ከባድ ሲሙሌሽንን ተክቶ ፈጣን መልስ እንዲሰጥ ሲደረግ ግን ግሩም መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ።

ዲግሪውን ከፍ ማድረግ ነው ስለሚለው

ይህ ምክር ሲነገር ስሰማ እውነቱን ለመናገር ያመኛል፤ ምክንያቱም ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ሩንጌ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳየው ምሳሌ እጅግ ቀላል ነው። 1/(1 + 25 × ሀ²) የሚለውን ፋንክሽን ውሰዱ፤ ሀ ከ−1 እስከ 1 ይሂድ። ግራፉ መሐል ላይ ጉብ ያለ፣ ወደ ጎንና ጎን በእርጋታ የሚወርድ ኮረብታ ነው። ከፍተኛው 1 ነው፣ ዝቅተኛው ዳር ላይ 0.04 አይሞላም። ሹል ነገር የለበትም፣ የተቆረጠ ነገር የለበትም።

በላዩ ላይ እኩል የተራራቁ 11 ነጥቦች ውሰዱና በሁሉም የሚያልፍ የ10ኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል አሳልፉ። በነጥቦቹ ላይ ስሕተቱ ዜሮ ነው። ከዳር ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ግን ፖሊኖሚያሉ ዘሎ ይወጣል፤ ስሕተቱ 1.9 ይሆናል፣ ከኮረብታው ቁመት በእጥፍ ገደማ። «ነጥብ አነሰ» ብላችሁ ወደ 21 ነጥብና ወደ 20ኛ ዲግሪ ብታሳድጉት ስሕተቱ ከ50 በላይ ይደርሳል። ጽሑፉ የመከረውን መድኃኒት በጨመርን ቁጥር በሽታው ይጠናል ማለት ነው። መረጃ መጨመሩም አላዳነንም፤ ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው እስከቀጠሉ ድረስ ዳርና ዳሩ እየባሰበት ይሄዳል።

መፍትሔዎቹ ይታወቃሉ። ነጥቦቹን ወደ ዳር ዳር ማጠጋጋት፣ ወይም በአንድ ትልቅ ፖሊኖሚያል ፈንታ ስፕላይን የሚባሉትን ትንንሽ ቁርጥራጮች ማገናኘት። ይህን የማያውቅ ሰው የፓምፕን ወይም የሞተርን የመለኪያ ሠንጠረዥ በ9ኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል «አስተካክሎ» ሲሙሌሽኑ ውስጥ ይከታል፤ ነጥቦቹ ላይ ፍጹም መግጠሙን አይቶ ይደሰታል፤ ከዚያ ሲሙሌሽኑ ሁለት ነጥቦች መካከል ሲያርፍ ፓምፑ ኔጌቲቭ ግፊት ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ፋይል ተቀብዬ መፈተሽ ያለብኝ ጊዜ ነበር፤ ችግሩን ያገኘነው ኩርባውን በነጥቦቹ መካከል ዘርግተን በዓይን ስናየው ነው።

እርምጃውን ማሳነስ ይበቃል ስለሚለው

የጊዜ እርምጃ የሚወስነው ትክክለኛነትን ብቻ ነው ብለው ያስባሉ ጸሐፊው። አይደለም፤ መረጋጋትንም ይወስናል። በየቅጽበቱ፣ በሴኮንድ የራሱን 100 እጥፍ በሚያህል ፍጥነት የሚቀንስ መጠን ውሰዱ፤ ለምሳሌ ቶሎ የሚበርድ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ ሙቀት። እውነተኛው መልስ በ0.3 ሴኮንድ ውስጥ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ቀላሉን የኦይለር ዘዴ (በእርምጃው መነሻ ላይ ያለውን የለውጥ ፍጥነት ለመላው እርምጃ የሚጠቀመውን) በ0.03 ሴኮንድ እርምጃ ብትጠቀሙ ግን በየእርምጃው ቁጥሩ በ−2 ይባዛል፤ 1፣ −2፣ 4፣ −8፣ 16 እያለ ይሄዳል። ከ10 እርምጃ በኋላ የበረደው ሽቦ 1024 ላይ ይገኛል። ይህ «ትንሽ ያልጠራ መልስ» አይደለም፤ ከነገሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው መልስ ነው።

እርግጥ ነው፣ እርምጃውን ከ0.02 ሴኮንድ በታች ብናወርደው ይረጋጋል። ነገር ግን ያው ሽቦ ቀስ ብሎ በ1 ሰዓት ውስጥ ከሚሞቅ ትልቅ የብረት አካል ጋር በአንድ ሞዴል ውስጥ ካለ፣ ለትንሿ ሽቦ ስንል 1 ሰዓቱን በሙሉ በ180,000 እርምጃ ልንሄድ ነው። ፈጣኑ ክፍል 100 መሆኑ ቀርቶ 1,000,000 ከሆነ እርምጃዎቹ 1.8 ቢሊዮን ይሆናሉ። እርምጃ ማሳነስ ይበቃል የሚለው ምክር እዚህ ላይ ገደል ይገባል። የኦይለርን ዘዴ ወደ ኋላ ገልብጦ (ፍጥነቱን ከእርምጃው መጨረሻ ላይ ወስዶ) መጠቀም ግን፣ በዚያው በ0.03 ሴኮንድ እርምጃ፣ በየእርምጃው በ0.25 ያባዛል፤ 1፣ 0.25፣ 0.0625 እያለ በሰላም ይበርዳል። የትኛውን ዘዴ ከምናሌው ላይ መምረጥ እንዳለበት የሚያውቀው ሞዴሉ ውስጥ ምን ዓይነት ኤክስፖኔንሻሎች እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ታንከሩ ልመለስ፤ እዚያ ሌላ ነገር አለ። በ10 ሴኮንድ እርምጃ እያሰላን ነው እንበል። የውኃው ከፍታ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን የሚቀጥለው እርምጃ ካለው ውኃ በላይ ይቀንስና ከፍታው ኔጌቲቭ ይሆናል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት እንዲያወጣ ይጠየቃል። መልሱ «ናን» ነው፤ ቁጥር ያልሆነ ነገር ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የተደመረው፣ የተባዛው ሁሉ ናን ይሆናል፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲሠራ ያደረ ሲሙሌሽን ጠዋት ሲታይ ሁሉም ዓምድ በናን ተሞልቶ ይገኛል። እርምጃውን ወደ 1 ሴኮንድ ብናወርደው አደጋው ጥቂት ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ፋንክሽኑን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ በር ያያል። በከፍታው ፈንታ በሜትር የተለካውን የከፍታውን ስኩዌር ሩት እንደ ተለዋዋጭ ቢይዝ፣ ያ አዲስ መጠን በየሴኮንዱ በ0.005 ብቻ፣ ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ይወርዳል፤ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በቀጥ ያለ መስመር ላይ ቀላሉ የኦይለር ዘዴ ምንም አይሳሳትም። በ10 ሴኮንድ እርምጃ፣ በ20 እርምጃዎች፣ ልክ 200ኛው ሴኮንድ ላይ ዜሮ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ማቆም ነው። እርምጃውን ሺ ጊዜ በማሳነስ የማይገኘውን ጥራት አንድ የተለዋዋጭ ለውጥ ሰጠን። ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ሹሉን ማለስለስ ይቻላል ስለሚለው

ጽሑፉ በአንድ አንቀጽ፣ ቁርጥ ብለው የሚዘሉ ፋንክሽኖች ሲሙሌሽኑን ካስቸገሩ በለስላሳ ኩርባ መተካት እንደሚቻልና ውጤቱም ያው እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። «ውጤቱም ያው ነው» የሚለው ግን አያስኬድም።

ፍሪክሽንን፣ ማለትም ሰበቃን፣ እንውሰድ። ደረቅ ፍሪክሽን የእንቅስቃሴው አቅጣጫ ሲቀየር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዘላል፤ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ደግሞ እንደ ግፊቱ መጠን ይይዛል። ይህ ዝላይ ፕሮግራሙን ስለሚያንገጫግጨው ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት በሚባል፣ ከ−1 ወደ 1 በለስላሳ በሚወጣ ኩርባ ይተካል፤ ኩርባው ዜሮ ላይ በእርጋታ ያልፋል። ጥሩ። አሁን አንድ ሣጥን ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ አስቀምጡ፤ የስበቱ ኃይል ፍሪክሽኑ ሊይዝ ከሚችለው ግማሽ ብቻ ነው። እውነተኛው ሣጥን አይነቃነቅም። በለሰለሰው ሞዴል ግን ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ፍሪክሽኑም ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ኃይሎቹ እስኪመጣጠኑ ድረስ መንሸራተት አለበት። የማለስለሻው ስፋት በሴኮንድ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሣጥኑ በሴኮንድ 5.5 ሚሊ ሜትር እየተንፏቀቀ በ1 ሰዓት ውስጥ 20 ሜትር ያህል ይወርዳል።

ሲሙሌሽኑ የ2 ሴኮንድ የብሬክ ሙከራ ከሆነ ይህ መንፏቀቅ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ ሌሊቱን ስለሚያድር ከባድ መኪና ከሆነ ግን ውድቀት ነው። ልዩነቱን የሚያየው ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት በዜሮ ላይ ዜሮ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ነው።

16 አሃዝ ይበቃል ስለሚለው

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት የሚመጣውን ሚሳይል ሳያገኘው ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የሥርዓቱ ሰዓት በሴኮንድ ዐሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ 0.1 ደግሞ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ አቆጣጠር ማለቂያ የሌለው ክፍልፋይ ነው። በ24 ቢት (በ24 የሁለትዮሽ አሃዝ) ሲቆረጥ በየዐሥረኛው 0.000000095 ሴኮንድ ያህል ይጎድላል። ማሽኑ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ቆይቶ ስለነበር ጉድለቱ ተደምሮ 0.34 ሴኮንድ ደረሰ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሚሳይሉ ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል።

«ያ የድሮ 24 ቢት ነው፤ እኔ ያልሁት ስለ 16 አሃዝ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፤ 16 አሃዙን እንፈትነው። ከ1 ላይ የአንድን ትንሽ ማዕዘን ኮሳይን ቀንሱና ለማዕዘኑ ካሬ አካፍሉ። ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልሱ ወደ 0.5 መሄድ አለበት። ማዕዘኑን 0.00000001 ሬድያን አድርጋችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሞክሩት፤ መልሱ 0 ነው። ኮሳይኑ ለ1 እጅግ ከመቅረቡ የተነሣ 16 አሃዙ ውስጥ ልክ 1 ሆኖ ይመዘገባል፤ ሲቀነስ የሚቀር ነገር የለም። ስሕተቱ በ16ኛው አሃዝ ላይ አይደለም፤ መልሱ በሙሉ ጠፍቷል። ያንኑ ነገር በግማሽ ማዕዘን ሳይን ጽፋችሁ፣ ማለትም የግማሽ ማዕዘኑን ሳይን ካሬ በ2 አባዝታችሁ ለማዕዘኑ ካሬ ብታካፍሉት፣ 0.5 ይወጣል። የትሪጎኖሜትሪ ቀመር ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የእጅ ቀመር ጊዜው አልፎበታል ስለሚለው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር አቅራቢያ፣ ጋንድስፊዮርድ በሚባለው የባሕር ሰርጥ፣ ስላይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት አካል ለሙከራ ውኃ እየሞላ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲወርድ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ አካሉ በሙሉ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ጠፋ የተባለው ገንዘብ ግን በመቶ ሚሊዮን ዶላሮች ነው። ምርመራው ያገኘው፣ በፋይናይት ኤለመንት (አካሉን ወደ ትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) ትንተናው ላይ ሺር የሚባለው የመቁረጥ ኃይል 47 በመቶ ዝቅ ተደርጎ መሰላቱን ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ግድግዳዎች ከሚገባቸው በታች ቀጥነው ተሠሩ። ከአደጋው በኋላ በተጣራ ሁኔታ ተሠርቶ የታየው ትንተና ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ በእውነት የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር።

ትምህርቱ ፋይናይት ኤለመንት አይረባም ማለት አይደለም፤ ተስተካክሎ ሲሠራ እውነታውን በ3 ሜትር ልዩነት አግኝቶታልና። ፋይናይት ኤለመንት ራሱ የፋንክሽን ምርጫ ነው። እያንዳንዷ የሜሽ ቁራጭ ውስጥ ያለው ለውጥ በቀላል ፖሊኖሚያል እንደሚሄድ ቃል ይሰጣል። ቁራጩ ከተጣመመ፣ ወይም ኃይሉ በድንገት በሚለወጥበት ቦታ ላይ ሰፊ ከሆነ፣ ያ ቃል አይጸናም። ሶፍትዌሩ ግን ያማረ ባለቀለም ሥዕል ያወጣል።

እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚይዘው ጸሐፊው የናቁት የእጅ ቀመር ነው። በሁለት ጫፉ ተይዞ በእኩል የውኃ ግፊት የሚገፋ ግድግዳ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሺር የአጠቃላይ ጭነቱ ግማሽ ነው። አንድ መስመር ነው፤ ካልኩሌተር እንኳ አይፈልግም። የዚህን መስመር ውጤት ከስክሪኑ ቁጥር ጎን አስቀምጦ ግማሽ ያህል ጎድሎ ያገኘ ሰው እጁን ከማውዙ ላይ ያነሣል። የቢም መጉበጥም እንዲሁ ነው፤ ከርዝመቱ ኪዩብ ጋር እንደሚጨምር፣ ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር እንደሚቀንስ የሚያውቅ ሰው ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ መጉበጡ ወደ ስምንተኛው ካልወረደ አንድ የተሳሳተ ነገር እንዳለ ያውቃል። ሲሙሌሽንን ለመፈተን ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም።

ስለ ታኮማ ድልድይ

ጸሐፊው በአሜሪካ በነፋስ የወደቀውን የታኮማ ናሮውስን ድልድይ እንደ ማስረጃ አቅርበዋል፤ የነፋሱ ፍሪኩዌንሲ ከድልድዩ የራሱ ፍሪኩዌንሲ ጋር ገጥሞ በሬዞናንስ ወደቀ፣ ዛሬ ሶፍትዌር ፍሪኩዌንሲዎቹን ዘርዝሮ ስለሚያወጣ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም ብለዋል። ይህ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥም የተጻፈ ስለሆነ በእርሳቸው ብቻ አልፈርድም። ግን ልክ አይደለም።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1940 ሲወድቅ ነፋሱ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ነፋስ ከድልድዩ ጎን የሚላቀቁት አዙሪቶች በሴኮንድ 1 ጊዜ ያህል ነው የሚመላለሱት። ድልድዩ ሲጠማዘዝ የነበረው ግን በ5 ሴኮንድ 1 ጊዜ ነው። ሁለቱ አልገጠሙም። የሆነው ፍለተር የሚባለው ነገር ነው። የድልድዩ መጠማዘዝ ራሱ የነፋሱን ኃይል ይለውጣል፣ የተለወጠው ኃይል ደግሞ መጠማዘዙን ይመግባል።

በፋንክሽን ቋንቋ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሬዞናንስ ሞዴል ኃይሉ የጊዜ ፋንክሽን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሳይን ነው፣ ድልድዩ ቆመም ተንቀሳቀሰም ግድ የለውም። ዳምፒንግ፣ ማለትም ንዝረትን የሚያበርድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን ካለ ውዝዋዜው አንድ ጣሪያ ላይ ይቆማል። በፍለተር ሞዴል ግን ኃይሉ የድልድዩ የራሱ እንቅስቃሴ ፋንክሽን ነው። ነፋሱ ከአንድ ፍጥነት ሲያልፍ አጠቃላይ ዳምፒንጉ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ውዝዋዜውን የሚያበርደው ኤክስፖኔንሻል ተገልብጦ የሚያሳድገው ይሆናል። ጸሐፊው እንዳሉት ፍሪኩዌንሲዎችን ብቻ ዘርዝሮ የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ይህን ድልድይ «ደህና ነው» ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ የሚያነጻጽራቸው ሁለት ቁጥሮች አይገናኙምና። ኃይሉን የየትኛው ተለዋዋጭ ፋንክሽን አድርገን እንጻፍ የሚለው ጥያቄ ከሶፍትዌሩ በፊት ይመጣል።

ስለ ሥልጠናው ምክር

በመጨረሻ፣ የፋንክሽን ሰዓት ተቀንሶ ለሶፍትዌር ይዋል ስለሚለው ምክር። ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት አይታየኝም። ሠልጣኞች በቃል ቀመር ሲሸመድዱ የሚውሉበት ሰዓት ካለ ይቀነስ፤ ግን በምትኩ የሚገባው ምናሌና ቁልፍ ብቻ ከሆነ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ግልጽ ታንከር፣ ማስመሪያና የሴኮንድ ሰዓት አቀርባለሁ። ሠልጣኞቹ 20 ሴኮንድ ይለኩ፤ ቀዳዳው ይዘጋ። እያንዳንዳቸው በፈለጉት ሶፍትዌር፣ በፈለጉት ኩርባ፣ ታንከሩ የሚደርቅበትን ሴኮንድ በወረቀት ጽፈው ያስረክቡ፤ የማይደርቅ ነው የሚልም ካለ ይጻፍ። ከዚያ ማውጫውን ቀርበው እንዲያዩ ዕድል ይሰጣቸውና መልሳቸውን መቀየር የሚፈልግ ካለ ይቀይር። ከዚያ ቀዳዳውን ከፍተን፣ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን፣ ውኃው እስኪያልቅ እንጠብቃለን።